ፒያሳና ጀፎረ

ባለፈው ክረምት ከወልቂጤ አንዲት የዘመድ ልጅ መጥታ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አባቷ የሰባት ቤት ጉራጌ ነው፤ እናቷ ደግሞ በቡታጅራ በኩል የመስቃን ልጅ ናት። እናም ልጅቱ ሲመቻት የወልቂጤ፣ ሲመቻት የቡታጅራ ትሆንብኛለች። አንድ ቀን ከተማውን ላሳያት ብዬ ይዣት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው፣ ፒያሳ!» ይላል።

«ጋሼ፣ ፒያሳ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ፒያሳማ አራዳ ነው። ጊዮርጊስ ጋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ...»

«የት እንደሆነማ አውቃለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ነው የጠየቅኩዎት።»

ስንት ዓመት ሙሉ «ፒያሳ እንገናኝ» ስል ኖሬያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ጣሊያንኛ ነው» አልኩና ዝም አልኩ። ልጅቱም ዝም አለች። ግን ራሴን ታዘብኩት። «ጣሊያንኛ ነው» ማለት መልስ አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል «የሰው» ብሎ እንደ መመለስ ነው። ማታ ቤት ገብተን እራት ከበላን በኋላ መጻሕፍቴን ማገላበጥ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ዕዳ ነው።

*

እስቲ መጀመሪያ የተሳፈርንበትን ታክሲ እንየው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጎማው ጣሊያንኛ ነው፤ ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ ጣሊያንኛ ነው። የሚታጠብበት ላቫጆ፣ ተሳፋሪ የሚያወርድበት ፌርማታም እንደዚያው። ፌርማታ ላይ ጫማችንን የሚጠርግልን ልጅ «ሊስትሮ» ይባላል፤ እሱም «ሉስትሮ» ከሚለው፣ «ማንጸባረቅ፣ ወዝ» ከሚል የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። አምስት ዓመት የቆየ ወራሪ ይህን ያህል ቃል ጥሎብን መሄዱ ይገርማል። ነገሩ ግን ዕቃው ከነስሙ ስለመጣ ነው። ዕቃውን ስንቀበል ስሙንም ተቀበልን።

የቦታ ስም ግን ከዕቃ ስም ይለያል። ጎማ ከመምጣቱ በፊት እኛ ዘንድ ጎማ አልነበረም። ፒያሳ የተባለው ቦታ ግን ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም ነበረ፤ ስምም ነበረው። ነባር ስም እያለ ሌላ ስም ሲጫንበት፣ እዚያ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ ማለት ነው።

ወደ ቃሉ እንግባ። ጣሊያኖቹ «ፒያሳ» አይሉም፤ ከ«ፒያጻ» ጋር የሚቀራረብ፣ «ት» እና «ስ» ተጣብቀው የሚሰሙበት ድምፅ ነው የሚያወጡት። የእኛ «ጸ» ደግሞ ፈንድቶ የሚወጣ ስለሆነ ከዚያ አይገጥምም። የአገሬው ጆሮ ጠንካራውን ትቶ ለስላሳውን መረጠና «ፒያሳ» አለው። ወላጆቻችን ቃሉን ከወረቀት አላነበቡትም፤ በጆሯቸው ነው የያዙት። በዚያው ጥንድ «ዜድ» የሚጻፈው «ፒዛ» ግን ኋላ ከምግብ ዝርዝር ላይ ተነቦ ስለመጣ ይመስለኛል በ«ዛ» የቀረው።

ትርጉሙ «አደባባይ» ነው። ጣሊያንኛው ከላቲኑ «ፕላቴያ» የተወለደ ነው። ላቲኑ ደግሞ ከግሪክ ነው የተዋሰው። በግሪክ «ፕላቲስ» ማለት «ሰፊ» ማለት ነው፤ «ፕላቴያ» ሲባል «ሰፊዋ ጎዳና» ማለት ይሆናል። ከዚህ ከአንድ ቃል የስፓኒሹ «ፕላዛ»፣ የፈረንሳዩ «ፕላስ»፣ የጀርመኑ «ፕላትዝ»፣ እንግሊዞች ለማንኛውም ቦታ የሚጠቀሙበት «ፕሌስ» ተዘርተዋል። በየከተማችን አሁን በመስታወት የተለበጡ ሕንፃዎች ግንባር ላይ «ፕላዛ» ተብሎ የሚጻፈውም የዚያው ቤተሰብ ነው። ፒያሳን አፍርሰን ፕላዛ ስንሠራ እህትን አስወጥቶ እህትን እንደ ማስገባት ነው፤ የሚለየው ፕላዛው አደባባይ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

የሚያስደስተው ደግሞ የእኛው ግዕዝም በዚያው መንገድ ማሰቡ ነው። በግዕዝ «ረሐበ» ማለት ሰፋ ማለት ነው፤ ከዚሁ «መርሕብ» ይወጣል፤ ትርጉሙም አደባባይ፣ ሰፊ ጎዳና ነው። ወንጌልን ከግሪክ የመለሱ አባቶች «ፕላቴያ»ን «መርሕብ» ብለው ነው ያስቀመጡት። እንግዲህ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች የጋራ ቦታን ሲሰይሙ ያዩት አንድ ነገር ነው፦ ስፋቱን።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ ስተርክላት ሳትናገር ሰማችኝና መጨረሻ ላይ ሳቀች።

«ታዲያ ጀፎረ ነው በሉኛ!»

*

ጀፎረን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በጉራጌ መንደር ቤቶች እንደ አዲስ አበባ ሰፈር ተደራርበውና ተጎራርሰው አይሠሩም። ጎጆዎቹ ትይዩ በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። ጀርባቸው እንሰት ነው። ፊታቸው፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ መሰል መንገድ አለ። ያ ነው ጀፎረ። መንገድ ነው፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ጎረቤት መንደር ያደርሳል። ግን መንገድ ብቻ አይደለም። ከብት ይግጥበታል፤ ልጅ ይጫወትበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፤ ለቅሶ ይቀመጥበታል፤ ሽማግሌ ይሸመግልበታል። ለመስቀል ከየከተማው የተበተነው ዘመድ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚተያየው እዚያው ነው።

ጀፎረ የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉም ነው። አጥሩን ገፋ አድርጎ ከጀፎረው ሊቆርስ የሚሞክር ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎና በቂጫው፣ ክስታኔው በጎርደና ሴራው ሲተዳደሩ የኖሩ ናቸውና ዳኛ ሩቅ አይኬድም። የግሪኩ «ሰፊዋ ጎዳና» እና የጉራጌው ጀፎረ ተጽፎ ሳይነገራቸው አንድ ሐሳብ ላይ የተገናኙ ናቸው ማለት ነው፦ ሰው ተጠጋግቶ ለመኖር በመካከሉ የማንም ያልሆነ ሰፊ ቦታ ሊተው ይገባል።

ልጅቱ ይህን ስትል በአንድ ቃል ነው የጨረሰችው። እኔ ሦስት መጽሐፍ ገልጬ ነበር።

*

አሁን ወደ አዲስ አበባው ፒያሳ እንመለስ። ቦታው አራዳ ይባል ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ታላቁ ገበያ ይቆም ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ አሞሌው፣ ከብቱ፣ ጨርቁ እዚያው ነው። በዙሪያው የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድ፣ የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ነበር። አዋጅ የሚታወጀውም ወንጀለኛ የሚሰቀለውም እዚያው ገበያ ላይ ነበር። መልካም ይሁን ክፉ፣ የሚሆነው ነገር ሁሉ በሕዝብ ፊት የሚሆንበት ቦታ ነበር። አደባባይ ማለትም ይኸው ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የምኒልክ ሐውልት ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተነሣ። ቀጥሎ ከተማው ራሱ እንደ አዲስ ሊሠራ ታሰበ። ስመ ጥሩ አርክቴክት ለኮርቡዚዬ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1936 ለጣሊያን መንግሥት የአዲስ አበባ ረቂቅ ንድፍ አቅርቦ ነበር፤ የነበረውን ከተማ እንዳልነበረ ቆጥሮ በቀጥታ መስመር የሠነጠቀ ንድፍ። ሥራውን ያገኙት ግን ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ናቸው። የዕቅዱ እምብርት አንድ ነገር ነበር፦ ነጩ በአንድ ወገን፣ ጥቁሩ በሌላ ወገን። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግም አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት በእስራት የሚያስቀጣ ነበር።

በዚህ ዕቅድ መሠረት አራዳ ለነጮች ተመደበ። ገበያው ደግሞ ወደ ምዕራብ ተነቅሎ ሄደ። የአዲሱ ገበያ ስም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ «የአገሬው ተወላጆች ገበያ» ማለት ነው። «መርካቶ» ገበያ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። «ኢንዲጄኖ» የሚለው ግን በዚያ ዘመን አፍ ላይ የንቀት ቃል ነበር።

አሁን አስቡት። «ፒያሳ» ማለት የሁሉም የሆነ ሰፊ ቦታ ነው። ፋሽስቱ ግን ሁሉም ይገናኝበት የነበረውን ቦታ ለሁለት ከፍሎ፣ ሕዝቡን ወደ ዳር ገፍቶ፣ በቀረው ላይ «አደባባይ» የሚል ስም ለጠፈበት። ስሙ የተሰጠው ትርጉሙ በጠፋበት ቀን ነው።

አገሬው ምን አደረገ? ያደረገውን ሲያደርግ በአዋጅ አይደለም፤ በምላሱ ነው። «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ከሚለው ውስጥ የተሰደበበትን ግማሽ ቆርጦ ጣለና «መርካቶ»ን ብቻ አስቀረ። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በምኅጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። አገሬው አንድ ላይ ጠቅልሎ «ካዛንቺስ» አለው። ዛሬ በዚያ ስም ውስጥ የቅኝ ገዢ ቢሮ እንዳለ የሚሰማው ማን ነው? «ፖፖላሬ»ም የርካሽ ሕዝባዊ ቤቶች ስም ነበር፤ አሁን የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። «አራዳ»ም ቢሆን አልሞተም። ቦታውን ለፒያሳ ለቀቀና ሰው ላይ ሠፈረ። «አራዳ ነው» ሲባል ብልጥ፣ ከተሜ፣ የማይሸወድ ማለት ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ደግሞ ስሙ ወደ ቦታው በወግ ተመልሷል።

*

እዚህ ላይ የጉራጌው ታሪክ ይገባል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የጉራጌ ወጣት መሬት ሲጠብበትና ግብር ሲበዛበት ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ነበር። ሸክም ተሸከመ፤ ቤት ሠራ፤ ጉድጓድ ቆፈረ። በኋላም ሊስትሮ ሆነ፤ ጉልት ተቀመጠ፤ እያዞረ ሸጠ። ከነፃነት በኋላ የውጭ ነጋዴዎቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ለአገሬው ተብሎ ወደ ዳር የተገፋው መርካቶ በጉራጌ ነጋዴዎች እጅ የአገሪቱ የንግድ ልብ ሆነ። የዚህች ልጅ አያትም በዚያው መንገድ ያለፉ ናቸው። በሊስትሮ ሣጥን ጀምረው በመርካቶ ሱቅ ጨርሰዋል። ሁለቱም ስም ጣሊያንኛ ነው፤ ላቡ ግን የእሳቸው ነው።

ያ ገንዘብ ደግሞ መርካቶ አልቀረም። ካርታውን እዩት። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ይህ መንገድ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከሠሯቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ወራሪው የሠራው ለጦሩና ለቡናው ነው፤ ለጉራጌው ብሎ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ያለው አገር እንደ ድሮው በእግር ነበር የሚሄደው። በቡታጅራ በኩል፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ያ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሸክሙም ሊስትሮውም ባለሱቁም ማኅበር አቋቁሞ ማዋጣት ጀመረ። በአንድ በኩል የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ በሌላ በኩል የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ተመሠረቱ። ሁለተኛው በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ይዞ የተነሣ ነው። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር ስለዚሁ ማኅበር ለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበውበታል፤ ሰዉ ከከተማ ሆኖ ከአገሩ ጋር ያለውን ገመድ እንዴት እንደያዘ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም።

እነዚያ ሰዎች ለምን መንገድ አስቀደሙ? ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ይቀድማል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ልጅቱን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ መልስ ይታየኛል። ጀፎረ ላይ ያደገ ሰው መንገድን የሚያየው እንደ የጋራ ንብረት ነው። ማንም የግሉ ያላደረገውን፣ ሁሉም የሚጠብቀውን ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል። ለመንገድ አዋጡ ሲባል እንግዳ ነገር አልሆነበትም፤ ጀፎረውን አስረዝም እንደ ማለት ነው።

*

የ«ፒያሳ» ዕጣ ደግሞ በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም። ጎንደር ፒያሳ አላት፤ እዚያስ ጣሊያን የሠራቸው ሕንፃዎች እስከ ዛሬ አሉ። ደሴም ፒያሳ አላት። ሐዋሳ ግን ትገርማለች። ሐዋሳ የተቆረቆረችው ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ግን እሷም ፒያሳ አላት። ጣሊያን የሌለበት፣ ጣሊያንኛ ያልተሰማበት ከተማ ላይ ፒያሳ በቀለ። እንግዲህ ቃሉ ያን ጊዜ ጣሊያንኛ መሆኑን ትቶ አማርኛ ሆኗል ማለት ነው። ትርጉሙም «የከተማው መሀል፣ ሱቅ የሚበዛበት፣ ሰው የሚታይበት» ሆነ።

ይህ እንግዲህ «የጠላት ስም ይነሣልን» ለሚሉ ወገኖች መልስ የሚሆን ይመስለኛል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ የቆመው የት ነው? ፒያሳ። ጣሊያንን ድል ያደረግንበትን ቀን ለማየት የሚሄድ ሰው ረዳቱን «ፒያሳ ወራጅ» ይለዋል። ለአንዳንዱ ይህ ያሳፍራል። እኔን ደስ ይለኛል። ድል ካደረግከው ሰው ቃሉን ብትወስድ ምርኮ ነው እንጂ ምርኮኛነት አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በመልሶ ማልማቱ ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያ የለም። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ተነሣ፤ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ አምሯል፤ የእግረኛ መንገዱ ይመቻል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አደባባይን አደባባይ የሚያደርገው ስፋቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣሊያንም ሰፊ አድርጎ አቅዶት ነበር። ጥያቄው ሰፊው ቦታ ላይ ማን ይቆማል የሚለው ነው። ትላንት እዚያ ቡና ያፈላች የነበረች ሴት፣ ሊስትሮው፣ ጋዜጣ አዟሪው ዛሬ ለመቀመጫ የሚሆን ጥግ ያገኛሉ ወይ?

ይህ ጥያቄ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራም እየሄደ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሟል፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተሞች ናቸው። ከተማ ሲያድግ መሬት ይወደዳል። መሬት ሲወደድ መጀመሪያ የሚበላው ባለቤት የሌለው የሚመስለው መሬት ነው። በካርታ ላይ ጀፎረ ባዶ ቦታ ይመስላል። ቤት የለበትም፤ እህል የለበትም፤ አጥር የለበትም። የከተማ ፕላን የሚያወጣው ወጣት ባለሙያ ትምህርት ቤት ስለ አደባባይ ሲማር ስለ ሮምና ስለ አቴንስ ተምሮ ይሆናል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሰፊ ሣር ያው እንደሆነ ካልነገሩት፣ በሸንሸኑ ላይ በእርሳስ ያልፍበታል። በገጠሩ በኩልም ባሕር ዛፍ እየተተከለ፣ አጥር እየተገፋ ጀፎረውን የሚያጠብ አልጠፋም።

ልጅቱ አገሯ ልትመለስ ስትል ሻንጣዋን እየዘጋች እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ሰፈር አሁን ሱቆች በዝተዋል። አንዱ ተነሥቶ ፒያሳ ሊለው ነው።»

«ይበለው» አልኳት። «መጥፎ ስም አይደለም።»

«አይደለም። ግን ሱቆቹ የተሠሩት እኮ ልጆች ኳስ እንጫወትበት የነበረው ላይ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት፤ በአውቶቡሱ መስኮት እጇን አወዛወዘች። ስመለስ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ፒያሳ የሚል ታፔላ መስቀል ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ሰፊውን ቦታ ሳይነኩ መተው ነው። ያን ደግሞ የጉራጌ ሽማግሌዎች ላቲን ሳይማሩ ሲያደርጉት ኖረዋል።